የከተማውን ውሃ ማን ይመርምር? ለውሃ ቦርድ አባላት የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

የከተማ ውሃ አገልግሎት ቦርድ አባል ሆኖ የተመረጠ ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሳልፈው በተቃጠለ ፓምፕ፣ በመብራት መቆራረጥ፣ በታሪፍና ባልተሰበሰበ ሒሳብ ሲወያይ ነው። ሳይንሳዊ ቁጥጥር የሚባለው ጉዳይ፣ ማለትም ውሃውን ማን ይመረምራል፣ ምን ምን ይመረምራል፣ ውጤቱንስ ለማን ያስታውቃል የሚለው ጥያቄ፣ ለስብሰባ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ሰው ከታመመ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ጥያቄው ቀደም ብሎ እንዲነሳ ለሚፈልጉ የቦርድ አባላት፣ ለወረዳና ለዞን ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ስለሚጠጡት ውሃ ለሚያስቡ ነዋሪዎች ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አማራጮቹ በጥቅሉ አራት ናቸው፤ የውሃ አገልግሎቱ የራሱ ላቦራቶሪ፣ ከአገልግሎቱ ውጭ ያለ የመንግሥት ተቆጣጣሪ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ተቋም፣ እና በሕግ የተቋቋመ ቋሚ የሳይንቲስቶች ቦርድ። ለንጽጽር ሲቀርቡ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያየው የመሣሪያውን ዓይነትና ዋጋውን ነው። እኔ ግን ከዋጋም ከመሣሪያም በፊት መመርመር ያለበት አንድ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ፤ እርሱም መጥፎ ውጤት ያገኘ ሰው ውጤቱን ለማን የመናገር ግዴታ አለበት የሚለው ነው። ይህን እምነት ያሳደረብኝ የሚከተለው ታሪክ ነው።

ዎከርተን፣ 2000

ዎከርተን በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት የምትገኝ፣ በዚያን ጊዜ አምስት ሺህ ያህል ነዋሪ የነበራት ከተማ ናት። በሜይ ወር 2000 የጣለው ከባድ ዝናብ የከብት እበት ጠርጎ ጥልቀት ወደሌለው ቁጥር 5 ጉድጓድ አስገባ። በውሃው ውስጥ የነበረው ክሎሪን ጀርሞቹን ለመግደል የሚበቃ አልነበረም። ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,000 በላይ ታመሙ፤ ከታመሙት ሕፃናት መካከል ኩላሊታቸው የተጎዳ ነበሩ።

በኋላ በዳኛ ዴኒስ ኦኮነር የተመራው የሕዝብ ምርመራ ያወጣው ዝርዝር ለየትኛውም የውሃ ቦርድ አባል ሊነበብ የሚገባው ነው። ኦፕሬተሮቹ ቀሪ ክሎሪን፣ ማለትም ውሃው ከታከመ በኋላ በውስጡ የሚቀረውን ክሎሪን፣ በየቀኑ መለካት ሲኖርባቸው፣ ሳይለኩ በመዝገቡ ላይ 0.5 ወይም 0.75 እያሉ ይጽፉ ነበር። ግዛቱ ለከተሞች ይሰጥ የነበረውን የላቦራቶሪ አገልግሎት በ1996 ስላቋረጠ፣ ናሙናው የሚመረመረው በግል ላቦራቶሪ ነበር። ያ ላቦራቶሪ በሜይ 17 ብክለቱን አገኘ፤ ውጤቱንም በፋክስ ላከ። የላከው ግን ለከፈለው ደንበኛ፣ ማለትም ለውሃ አገልግሎቱ ብቻ ነው። ለጤና ቢሮም ሆነ ለአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ሕግ አልነበረም። በሽተኛ የበዛበት የጤና ቢሮ ስልክ ደውሎ ሲጠይቅ ውሃው ደህና ነው የሚል መልስ ተሰጠው። ናሙናው በትክክል ተመርምሯል፤ ውጤቱም ትክክል ነበር፤ ሕዝቡ ግን ውሃውን መጠጣት ቀጠለ። ከአደጋው በኋላ ግዛቱ ያወጣው ደንብ ላቦራቶሪዎች መጥፎ ውጤት ሲያገኙ ለጤና ኃላፊውና ለሚኒስቴሩም በቀጥታ እንዲያስታውቁ አስገድዷል።

ስለ መዝገቡ ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባገለገልኩበት አንድ የውሃ ቦርድ የክሎሪን መዝገቡን ስንገላልጥ፣ ለወራት ያህል በእያንዳንዱ ቀን 0.5 ተጽፎ አገኘን፤ ቁጥሩም እስክሪብቶውም አንድ ዓይነት ነበር። ፑል ቴስተር የተባለውን ትንሽ የክሎሪን መለኪያ ይዘን ከማጠራቀሚያው እጅግ ርቆ ወደሚገኘው ቦኖ ሄድን። ብልቃጡን በውሃ ሞልተን እንክብሏን ጨመርንበት፤ ክሎሪን ያለበት ውሃ ወዲያው ሐምራዊ ወደ መሆን ይሄዳል። የእኛ ውሃ እንክብሏ ሟሙታ ካለቀች በኋላም እንደ ነበረ ጥርት ብሎ ቀረ። ኦፕሬተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። እንክብሉ ካለቀ ቆይቶ ነበር፤ ግዢ ቢጠይቅም የመለሰለት አልነበረም፤ ቅጹ ግን በየቀኑ ቁጥር እንዲሞላ ያዝዘዋል። ስለዚህ ቁጥር ሞላ።

የራስ ላቦራቶሪ

የውሃ አገልግሎቱ የራሱ መመርመሪያ ሲኖረው ትልቁ ጥቅም ፍጥነት ነው። ቀሪ ክሎሪን፣ ድፍርስነትና የአሲድነት መለኪያው ፒኤች በየቀኑ፣ ካስፈለገም በየሰዓቱ መለካት ያለባቸው ናቸው። ውጤቱም የክሎሪን መጠን ጨምር ወይም ቀንስ ለሚለው ኦፕሬተር እዚያው መድረስ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ቀሪ ክሎሪን በሊትር ከ0.2 ሚሊ ግራም እንዳይወርድ ይመክራል። በ100 ሚሊ ሊትር ናሙና ውስጥ ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ጨርሶ መገኘት የለበትም። የመጀመሪያውን ለማወቅ ደቂቃ ይበቃል፤ ሁለተኛውን ለማወቅ አንድ ቀን ያህል ይፈጃል። ክሎሪኑን በየቀኑ ሳይለኩ የባክቴሪያ ውጤት በየሦስት ወሩ ብቻ መጠበቅ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ድክመቱ ግልጽ ነው፤ መርማሪው ደመወዝ የሚከፈለው ስህተቱ ሊገኝበት ከሚችለው መሥሪያ ቤት ነው። ሥራ አስኪያጁ ውጤቱ ይቆይ ቢለው መርማሪው ለማን ይሄዳል? የራስ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ይህን አማራጭ የሚይዝ ቦርድ ሁለት ነገር በጽሑፍ ቢወስን መልካም ነው። አንደኛ፣ መርማሪው ከደረጃ በታች የሆነ ውጤት ሲያገኝ ለሥራ አስኪያጁና ለቦርዱ ሰብሳቢ እኩል በአንድ ጊዜ ያሳውቃል። ሁለተኛ፣ የእንክብልና የኬሚካል ግዢ ከመሣሪያው ግዢ ተለይቶ በየዓመቱ በጀት ይያዝለታል። በእርዳታ የመጣ መሣሪያ እንክብል አጥቶ አቧራ ሲለብስ ማየት የተለመደ ሆኗል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ላክልበት። ክሎሪን ያለበት ውሃ ለባክቴሪያ ምርመራ ሲቀዳ ጠርሙሱ ውስጥ አስቀድሞ ሶዲየም ታዮሰልፌት መኖር አለበት። ይህ ኬሚካል ክሎሪኑን ስለሚያረክሰው ናሙናው በተቀዳበት ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ ይዞ ላቦራቶሪ ይደርሳል። ከሌለ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ባክቴሪያውን መግደሉን ይቀጥልና ቦኖው ላይ የተበከለው ውሃ ላቦራቶሪ ሲደርስ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ናሙናው በበረዶ ሣጥን ሆኖ ቢቻል በ6 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ መድረስም ይኖርበታል። ቦርዱ ሪፖርት ሲቀርብለት ናሙናው እንዴት እንደተቀዳ ቢጠይቅ ስለ ላቦራቶሪው ብዙ ይረዳል።

የመንግሥት ተቆጣጣሪ

በእንግሊዝና በዌልስ የውሃ ኩባንያዎች በ1989 ወደ ግል ሲዛወሩ፣ በ1990 የመጠጥ ውሃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ናሙናውን የሚቀዱትና የሚመረምሩት ራሳቸው ኩባንያዎቹ ናቸው፤ ተቆጣጣሪው ግን አቀዳዱን፣ ላቦራቶሪውንና መዝገቡን ይፈትሻል፤ በየዓመቱም የእያንዳንዱን ኩባንያ ውጤት በስም ለሕዝብ ያወጣል። ከዚህ አሠራር ለእኛ የሚጠቅመው የውጤቱ በስም መውጣት ነው።

በአገራችን ውሃ ማቅረብ የውሃው ዘርፍ፣ የጥራት ክትትል ደግሞ በዋናነት የጤናው ዘርፍ ኃላፊነት መሆኑ በመርህ ደረጃ ትክክለኛ አከፋፈል ነው፤ አቅራቢውና ተቆጣጣሪው ተለያይተዋልና። በተግባር ግን የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የምርመራ ቁሳቁስ ከሌለው፣ ወይም ውጤቱ በደብዳቤ ተጽፎ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ሳምንታት ካለፉ፣ ክፍፍሉ ከወረቀት አያልፍም። አተት በገባበት ወቅት የሳምንት መዘግየት ምን እንደሚያስከትል በጤና ጣቢያ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ተቆጣጣሪ መኖሩ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን የአሜሪካዋ የፍሊንት ከተማ ታሪክ ያሳያል። በኤፕሪል 2014 ከተማዋ ወጪ ለመቀነስ ከዲትሮይት ትገዛ የነበረውን ውሃ ትታ ወደ ፍሊንት ወንዝ ዞረች። ወንዙ ቧንቧን የሚበላ ውሃ ነበር፤ ዝገት መከላከያ ኬሚካል ግን አልተጨመረበትም፤ በዚህ ምክንያት ከአሮጌዎቹ ቧንቧዎች እርሳስ እየተፋቀ ወደ ቤቶች ገባ። የግዛቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያለዚያ ኬሚካል እንዲጀመር የፈቀደው ራሱ ስለነበር፣ ነዋሪዎች ሲጮኹ በራሱ ውሳኔ ላይ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። ናሙና ለሚቀዱ ነዋሪዎች የተሰጠው መመሪያም ውሃው ቧንቧ ውስጥ ከማደሩ በፊት ቧንቧውን ከፍተው ለጥቂት ደቂቃ እንዲያፈሱት የሚል ነበር። ቀደም ሲል ቧንቧ ውስጥ የተከማቸው እርሳስ በዚህ መንገድ ታጥቦ ስለሚሄድ ናሙናው የሚያሳየው መጠን ዝቅ ይላል።

ስለዚህ ይህን አማራጭ የሚመዝን ሰው ተቆጣጣሪው ከአቅራቢው የተለየ መሆኑን ብቻ ሳይሆን፣ ፕሮጀክቱን ካጸደቀው ክፍልም የተለየ መሆኑን ይመርምር።

ዩኒቨርሲቲና የምርምር ተቋም

የፍሊንትን እውነት ያወጡት ከውጭ የመጡ ናቸው። በ2015 የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ኤድዋርድስና ባልደረቦቻቸው ለነዋሪዎች የናሙና ዕቃ ልከው በራሳቸው ዘዴ መረመሩ። የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ሞና ሐና አቲሻ ደግሞ በሆስፒታላቸው ከተመዘገበው የሕፃናት የደም ምርመራ እርሳስ መጨመሩን በሴፕቴምበር ለሕዝብ ገለጹ። በኦክቶበር ከተማዋ ወደ ዲትሮይት ውሃ ተመለሰች። የዩኒቨርሲቲ ጥንካሬ ይኸው ነው፤ በቅጹ ላይ የሌለውን ጥያቄ ለመጠየቅ ነፃነት አለው።

ነገር ግን ይህ የሚሆነው ጥያቄውን ራሱ ሲመርጥ ነው። በውል ሲቀጠር ሁኔታው ይለያል። በባንግላዴሽ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡን ከተቅማጥ ለማዳን በሚል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ውሃቸው ከጀርም የጸዳ ነበር፤ አርሴኒክ የተባለው መርዝ ግን ነበረበት። በ1992 የብሪታንያ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም ከጉድጓዶቹ የተወሰኑትን መርምሮ ነበር፤ አርሴኒክ ግን ከመረመራቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። በኋላ አንድ የባንግላዴሽ ነዋሪ ክስ መሥርቶ ጉዳዩ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ሰጪ እስከነበረው የብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ፤ በ2006 የተሰጠው ፍርድ ተቋሙ ለጠጪዎቹ ኃላፊነት አልነበረበትም የሚል ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጋር የሚዋዋል ቦርድ ይህን ፍርድ ልብ ይበል። ተመራማሪው ከተጠየቀው በላይ እንዲያይላችሁ ከፈለጋችሁ፣ በውሉ ውስጥ «በአካባቢው የድንጋይና የአፈር ጠባይ ምክንያት ሊጠረጠሩ የሚገባቸውን ሌሎች ነገሮች ተመራማሪው በጽሑፍ ይዘረዝራል» የሚል አንቀጽ አስገቡ።

ሁለተኛው ድክመት ቀጣይነት ነው። የማስተርስ ተማሪው ናሙናውን ወስዶ ይመረቃል፤ ጽሑፉ በመጽሔት ይታተማል፤ ከተማው ስለ ራሱ ውሃ የተጻፈውን ሳያውቅ ይቀራል። ውጤቱ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለቦርዱና ለጤና ጽሕፈት ቤቱ እኩል እንዲደርስ ማስገደድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቋሚ የሳይንቲስቶች ቦርድ

የካሊፎርኒያ ግዛት በ2009 ባወጣው ሕግ ለሳክራሜንቶና ሳን ዋኪን ወንዞች ዴልታ ከ10 የማይበልጡ ሳይንቲስቶች ያሉት ነፃ ቦርድ አቋቁሟል። ዴልታው ከ25 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚጠቀምበት ውሃ የሚያልፍበት ሲሆን፣ ገበሬውም፣ ከተማውም፣ የዓሣ ተቆርቋሪውም ይጣሉበታል። ቦርዱ ውሃ አይለካም፤ ሌሎች የሠሩትን ሳይንስ መርምሮ ድክመቱን በይፋ ይጽፋል። ኒው ዮርክም ከካትስኪልና ዴላዌር ተፋሰሶች የሚመጣውን ውሃ ሳታጣራ የምታቀርበው ተፋሰሱን በመጠበቅ ነው፤ ይህ አካሄድ ይበቃ እንደሆነ የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2000 እና በ2020 ባወጣቸው ጥናቶች መርምሮላታል።

ለአንዲት የወረዳ ከተማ ይህ አማራጭ አይሆንም። ለተፋሰስ ግን ይሆናል። ከ2011 ጀምሮ የጣና ሐይቅን እያስጨነቀ ያለውን እንቦጭ በማሽን፣ በሰው ጉልበት ወይም በነፍሳት እናስወግደው የሚለው ክርክር፣ ከላይ ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ንጥረ ነገር አረሙን እስከ ምን ድረስ ይመግበዋል ከሚለው ጥያቄ ጋር አንድ ላይ እንዲታይ በይፋ የሚጽፍ ገለልተኛ ቦርድ ቢኖር ብዙ ድካም በተቃለለ ነበር።

ፍሎራይድን እንደ ምሳሌ

የቁጥጥሩ ዓይነት ከቴክኖሎጂው ጋር አብሮ መመረጥ እንዳለበት ከስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን የበለጠ የሚያስረዳ የለም። በዚያ አካባቢ ብዙ ጉድጓድ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚመጣ ፍሎራይድ አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ፍሎራይድ ቀለምም ጣዕምም ሽታም የለውም፤ ውሃውን ማፍላትም ውሃው ሲተን ይበልጥ እንዲከማች ከማድረግ በቀር አይረዳም። ጉዳቱ የሚታየው ሕፃኑ አድጎ ጥርሱ ሲበልዝ ነው፤ መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ አንገቱ አልዞር፣ ወገቡ አልታጠፍ ሲለው ነው። ይህ ሕመም በወንጂ ስኳር ሠራተኞች ላይ መታየቱን የኢትዮጵያ ሐኪሞች በጥናት አረጋግጠዋል።

ሦስት መፍትሔዎችን እንውሰድ። ናልጎንዳ የተባለው ዘዴ አልሙኒየም ሰልፌትና ኖራ በመጨመር ፍሎራይዱን ያዘቅጣል፤ መጠኑ በየቀኑ መስተካከል ስላለበት በሥፍራው የሠለጠነ ኦፕሬተርና የራስ መለኪያ ያስፈልገዋል፤ የሚቀረው አልሙኒየምም መለካት አለበት። ሁለተኛው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ነው፤ የዕለት ሥራው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከሰሉ ሲጠግብ ውሃው እንደ ወትሮው ጥርት ብሎ መውረዱን ይቀጥላል፤ የሚጠጣው ሰው ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ ለዚህ ዘዴ ከውጭ በቋሚ ቀን የሚመጣ መርማሪ የግድ ነው፤ እርሱ የማይኖር ከሆነ ማጣሪያውን ባትገዙት ይሻላል። ሦስተኛው ከደጋ ምንጭ ወይም ከወንዝ በረጅም መስመር ማምጣት ነው፤ የፍሎራይዱ ጭንቀት ይቀልላል፤ የድፍርስነት፣ የክሎሪንና የተፋሰስ ጥበቃ ሥራ ግን በቦታው ይተካል። ገንዘቡ ከተገኘ እኔ ሦስተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ክሎሪን መለካት ማንኛውም ከተማ ሊማረው የሚችል ሥራ ነው።

እንደ አቅም ለመምረጥ

በእጅ ፓምፕ ወይም በጎለበተ ምንጭ ለሚጠቀም ቀበሌ የውሃ ኮሚቴው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆኖ ምንጩን በዓይን መፈተሹ፣ ማለትም አጥሩን፣ የመጸዳጃውን ርቀት፣ የከብት መጠጫውን ማየቱ ከሁሉ ይቀድማል። ብክለት ሲኖር የሚጠቁረው ርካሽ የጠርሙስ ምርመራም ይረዳል። በ2016 በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በተካሄደው የውሃ ጥራት ጥናት ውሃው ከምንጩ ይልቅ ቤት ከገባ በኋላ ተበክሎ የመገኘቱ ነገር ስለታየ፣ ጀሪካኑም መመርመር አለበት፤ ውሃ አጋር የተባለው በቤት ውስጥ ውሃ ማከሚያ ክሎሪን እዚህ ላይ ይጠቅማል። አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር ግን ፍሎራይድንና ሌሎች ኬሚካሎችን የሚያካትት ሙሉ ምርመራ ሳይደረግ ርክክብ አይፈረም።

መካከለኛ ከተማ የራሱን የዕለት መለኪያ ይያዝ፤ የጤናው ዘርፍ ሳያስታውቅ መጥቶ ይፈትሸው፤ በአቅራቢያው ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበጋና ክረምቱ ሲገባ፣ ሰፊ ምርመራ ይዋዋል። ትልቅ ከተማ ደግሞ ሦስቱንም ይዞ ውጤቱን በየወሩ ለሕዝብ ያውጣ። በባንግላዴሽ አርሴኒክ ያለበት ጉድጓድ ቀይ፣ የሌለበት አረንጓዴ ቀለም ሲቀባ ፊደል የማያውቅ ሰው ሁሉ ውጤቱን ማንበብ ችሎ ነበር፤ በየቦኖው ላይም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል።

የትኛውንም አማራጭ ብትይዙ አስቀድማችሁ በቃለ ጉባኤ የምትወስኑት አንድ ነገር አለ፤ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ የሚለውን ማስታወቂያ ማን ይፈርማል? የዎከርተን ማስታወቂያ የወጣው በእሑድ ቀን ነበር፤ በአካባቢው ሬዲዮ ብቻ ስለተነገረ ብዙ ነዋሪ ሳይሰማው ቀረ። የጤና ኃላፊው ሥራ አስኪያጁን ሳያስፈቅድ እንዲፈርም፣ እርሱ ከሌለ ተተኪው ማን እንደሆነ፣ መልእክቱም በሬዲዮ ብቻ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በትምህርት ቤትና በእድር ጡሩምባ ነፊ እንዲዳረስ ወስናችሁ፣ የፈራሚውን ስልክ ቁጥር በላቦራቶሪው በርና በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ለጥፉ።